የኦቦ ቱፋ ዝባድ

ማክሰኞ

ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። በሳሙና፣ በሎሚ፣ በአመድ ሳይቀር። አልለቀቀኝም። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ "ወራጅ አለ" አለች፤ ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ።

ዝባድ ነው። የጥርኝ ላብ ይሉታል፤ ላብስ በሆነ! ከጅራቱ ሥር ካለ ከረጢት በማንኪያ የሚፋቅ ቅባት ነው። አርቢዎቹ በበሬ ቀንድ አጭቀው ያመጡታል፣ አለቃዬ አቶ ከድር እዚህ ሰበታ ተቀብሎ ለውጭ አገር ሽቶ ቀማሚዎች ይልካል። በታሪክ ተመርቄ፣ ስምንት ወር ሥራ ፈትቼ ያገኘሁት ሥራ ይሄ ነው፤ ለገዢዎቹ የሚላክ "የሽቶ ታሪክ፣ ከጥንት እስከ ዛሬ" የሚል ጽሑፍ ማዘጋጀት። የሙከራ ጊዜዬ ሰኞ ያልቃል። ካሳመርኩት እቀጠራለሁ።

እስካሁን የጻፍኩት፦ የጥንት ግብፆች ለአማልክታቸው ያጥኑ ነበር፤ በሥዕሎቻቸው ላይ ራሳቸው ላይ ሽቶ ያለው ስብ ቆልለው ይታያሉ። ስቡ ቀልጦ በፊታቸው ሲወርድ ታየኝ። ምሳዬን ተውኩት።

ረቡዕ

የሱሉልታ መንገድ ተዘጋ። የከተማ ማስፋፊያውን ማስተር ፕላን የሚቃወሙ ልጆች ድንጋይ ደርድረዋል፣ ጎማ ይቃጠላል አሉ። ሐጂ ለለቅሶ ሄደው እዚያው ቀሩ። ሐጂ የመጋዘናችን አፍንጫ ናቸው፤ ንጹሑን ዝባድ ቅቤ ከተቀላቀለበት የሚለዩት እሳቸው ብቻ።

ሁለት ቀንድ መጣ። አንዱን አንድ ደላላ በባጃጅ አመጣው። ሌላውን ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ አርቢ፣ መኪና ስለሌለ ከንጋት ጀምረው በእግራቸው።

"አንቺ ምሩቅ አይደለሽ? አሽትቺ" አለኝ አቶ ከድር።

"ታሪክ እኮ ነው የተማርኩት።"

"ይሄም ታሪክ አለው።"

የደላላው ለዘብ ያለ፣ ደስ የሚል ነገር ነበር። የኦቦ ቱፋ ክዳኑ ሲነሳ ሽንት ቤትና የሞተ አይጥ አንድ ላይ መጣብኝ። ደጅ ሮጬ አስመለስኩ። አፌን ጠርጌ ገባሁና እንደ ባለሙያ "ይሄ ተበላሽቷል" አልኩ።

"ኦቦ ቱፋ፣ ምን ቀላቀሉበት?" አላቸው አቶ ከድር።

ሽማግሌው እሱን ትተው እኔን አዩኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተበላሽቶ ነው ወይስ ስላስጠላሽ?"

ክዳኑን ገጥሜ ወደሳቸው ገፋሁት። ቀንዳቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ሄዱ። አቶ ከድር ወዲያው ለሌሎቹ ገዢዎች ደወለ፦ "ቱፋ መቀላቀል ጀምሯል፣ ተጠንቀቁ።" በዚህ ሥራ አንዴ ስሙ የጠፋ አርቢ፣ ቀንዱን ከፍቶ የሚያይለት የለም። "በርቺ" አለኝ ደግሞ። ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ።

ሐሙስ

አልወጣሁም። በትምህርት ቤቱ በኩል ተኩስ ነበር። ልጆች ሲሮጡ ሰማሁ፣ የአንዲት እናት ጩኸትም። ከዚያ ጭር አለ። በዚህ መሃል ስለ ሽቶ መጻፍ! ግን ጻፍኩ፤ ዝም ብዬ ብቀመጥ ላብድ ነበር።

ዐረቦች የጽጌረዳ ውሃ አንጥረው አወጡ። የአውሮፓ መኳንንት የቆዳ ጓንታቸውን በዝባድ ያሹ ነበር። ግማትን በግማት! ቀጥሎ ያለውን መስመር ሳነብ ግን ቀዘቀዝኩ፦ ንጹሕ ዝባድ ይከረፋል፤ አበባ አበባ የሚለው ጥቂቱ በአልኮል ሲቀጥን ነው።

ለሐጂ ደወልኩ። "ልጄ፣ ደህናው ዝባድ ያስመልሳል" አሉ እየሳቁ። "ካላስመለሰሽ እሱ ቅቤ ነው። ምነው?"

"ምንም" አልኳቸው። ራሴን ተጸየፍኩ።

ዓርብ

ለአቶ ከድር ነገርኩት።

"ለስንት ሰው ደውያለሁ! አሁን ተሳስተን ነው ብል ማን ያምነኛል? አፍሽን ዝጊ። ሰኞ ቅርብ ነው።"

ሰኞ ያለው ገብቶኛል።

ቅዳሜ

ኦቦ ቱፋ ዘንድ ሄድኩ። በጅማ መንገድ፣ ከዚያ በእርሻው መሃል፣ በእግሬ። ድልድዩ ላይ አንድ ወታደር ቦርሳዬን በርብሮ ወረቀቴን አነበበ። "ሽቶ? በዚህ ጊዜ?" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው።

የጥርኞቹ ጎጆ ከቤቱ ጀርባ ነው። ለእንግዳ አይከፈትም፤ የሰው ዓይን ይጎዳቸዋል ይባላል። በግድግዳው ስንጥቅ አየሁ። እሳት፣ ጭስ፣ ወበቅ። መዞሪያ የሌላቸው የእንጨት ሳጥኖች። አንዱ ጥርኝ አፍንጫውን ከእንጨቱ ጋር ሲፈትግ ቆስሏል። ነገሥታት የተቀቡት ይሄን ነው።

ኦቦ ቱፋን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ትላንት አንዱ ገዢ ከበር መለሰኝ" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ቀንዴን ሳይከፍት የሚወስድ ሰው።" ከዚያ፦ "እዚህ የሰሙሽ ላሞቹ ብቻ ናቸው። ስሜን ያጠፋሽበት ቦታ ሂጂና ተናገሪ።"

ቀንዱን ሰጡኝ። "ስታስመልሺ ግን ራቅ አድርጊው።"

እሑድ

መንገዱ ለግማሽ ቀን ተከፈተና ሐጂ ወደ መጋዘኑ መጡ። አርቢዎችም መጡ፣ ደላላውም። ሁሉም ባለበት ቀንዱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"ረቡዕ ተበላሽቷል ያልኩት እኔ ነኝ። አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።"

"ወይ ምሩቅ!" አለ ደላላው። ሐጂ "ያንተንም አምጣው እስቲ" ሲሉት ግን ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመረ።

ሐጂ ከኦቦ ቱፋ ቀንድ ትንሽ ወስደው ወረቀት ላይ አሹ። ፊታቸው ተጨማደደ፣ ዓይናቸው አነባ። "አልሐምዱሊላህ! ይሄ ነው!"

አቶ ከድር ስልኩን አነሳ። አንድ በአንድ ደወለ፣ ሁላችንም እየሰማን። "በቱፋ ተሳስቻለሁ።" የመጨረሻው ገዢ ሳይስቅበት አልቀረም፤ ጆሮው ቀላ። ዘግቶ እኔን ሳያይ "ነገ ጠዋት ነይ" አለ። ለሥራ ይሁን ለስንብት አልተናገረም። እኔም ያን ጎጆ ካየሁ በኋላ የትኛውን እንደምፈልግ አላውቅም።

ለኦቦ ቱፋ ደውዬ ነገርኳቸው። "ቶሌ፣ እሺ" አሉ። "በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱን ይዤ እመጣለሁ።" ያኔ እኔ እዚያ እኖር እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።