ጠርዙ እስኪያበራ

ሰኔ 18 ቀን 1966 ዓ.ም.

መነጽሬ ተሰበረ። ቢሮ ውስጥ ላስነጥስ ጎንበስ ስል ከአፍንጫዬ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ... ሁለቱም መስታወት! ካሳ ሳቀ። «እሰይ! ያን የብርሌ ቂጥ ተገላገልነው» አለ። ሳቅ አንተ፣ ዓይንህ የጭልፊት ነው። እኔ ከአራት እርምጃ ወዲያ ሰውና ግንድ አይለይልኝም።

እታለም አልታዬ ወሬዋ የለም። ከከላላ ቆላ የመጣ ሁሉ «እዚያ እህል የሚባል የለም» ነው የሚለው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ጋር ብቻዋን ናት። «ሁሉንም ተይውና ነይ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው» ብዬ ሦስት ጊዜ ላክሁባት። ደርሷት ይሆን? በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ...

ሰኔ 26፣ ደሴ

ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ተላክሁ። በዚያው መነጽር ሰሪው ዘንድ ገባሁ። ዓይኔን ለካና «ጠርዙን ምን ላድርገው?» አለኝ። ጠርዝም ምርጫ አለው እንዴ? አለው ለካ። ሁለት መስታወት አምጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። የአንዱ ጠርዝ ሞረዱ እንደ ተወው ነው፤ ሻካራና ነጣ ያለ። መስታወቱ እንደ እኔው ወፍራም ሲሆን ዓይን ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይሠራል። «ብርሌ ቂጥ» ያስባለኝ እሱ ነው። ሌላው ተወልውሎ ውሃ መስሏል፤ ውፍረቱ አይታወቅም።

«ሻካራውን ነገ ጠዋት ትወስዳለህ። የሚያበራው ግን አዲስ አበባ ሄዶ ነው የሚወለወል። ወር ይፈጃል፣ ክረምትም ነው» አለ።

አሰብሁ። ዕድሜ ልኬን ብርሌ ቂጥ? «የሚያበራው ይሁን» አልኩ። «አብሽር፣ ሙሽራ ነው የምትመስለው» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል።

ሐምሌ 5፣ መካነ ሰላም

ይህን የምጽፈው አፍንጫዬን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ ነው። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ብጽፍ መሳቂያ እሆናለሁ። «እጄን አሞኛል» አልኩ። አለቃዬ በር ላይ አቆመኝ፣ የርዳታ እህል የሚጠብቀውን ሰው ሰልፍ እንዳስይዝ።

እንደማላይ እንዳይታወቅብኝ ዘዴ አበጀሁ። ፊት ለፊት ትክ ብዬ አያለሁ፤ ከዚያ ሥራ እንደ በዛበት ሰው ፊቴን አዞራለሁ። ሚስቴ ንግሥቴ «ሰዉ ኮራ ይልሃል» አለችኝ። ይበል። ኮራ መባል ዕውር ከመባል ይሻላል።

ሐምሌ 13

እታለም አልመጣችም።

ሐምሌ 21

ዝናብ። ሰልፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ግንቡን ተደግፈው የቆሙ መስሎኝ «አባቴ፣ ወደፊት ይበሉ» እላለሁ... ሁለት ጊዜ! እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ራዲዮኑ በየቀኑ እገሌ ታሰረ፣ እገሌ እጁን ሰጠ ይላል። ካሳ ከራዲዮኑ አይለይም። እኔ የምጠብቀው የአንዲት ሰው ወሬ ነው። የከላላ ነጋዴዎችን ገበያ ላይ ጠየቅሁ። «ያ አገር ተነቅሎ ወጥቷል፣ ማን ማንን ያውቃል?» አሉኝ። ከወጣች ወዴት ትሄዳለች? ከኔ ሌላ ማን አላት?

ነሐሴ 10

መነጽሩ መጣ! ጠርዙ ያብለጨልጫል። ንግሥቴ «አማረብህ» አለች። ዛሬ መስታወት ፊት ስንት ጊዜ ቆምሁ? ሲቆጠር ያሳፍራል።

ከሰዓት በኋላ በር ላይ ወጣሁ። ሰልፉን አየሁት... ፊታቸውን። አጥንታቸውን። ከወር በላይ ፊታቸው ቆሜ ምንም አላየሁም ለካ።

ነሐሴ 12

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ብዙዬን ሰልፉ ላይ አወቅኋት፤ የእታለም ጎረቤት ናት። ስሟን እየጠራሁ ሮጥሁ። እጄን ስዘረጋ እጇን ሰበሰበች።

«ዛሬ አወቅኸኝ?»

«ምነው ብዙዬ?»

«አልታዬን ያላወቅህ እኔን ታውቃለህ?»

አብረው ነው የመጡት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ። እታለም ልጇን አበቡን ይዛ፣ ወደ ቤቴ ሳትዘልቅ፣ ሰልፍ ውስጥ ነበረች። አሥር እርምጃ ላይ። አየችኝ። እኔም አየኋት፣ ትክ ብዬ። ከዚያ ፊቴን አዞርሁ።

«ጥሪው እንጂ አልኳት» አለች ብዙዬ። «'አይቶ ፊቱን ያዞረ ዘመድ አይጠራም፣ ደጁም አይረገጥም' አለችኝ። እህሉንም አልተቀበለች። ልጇን ይዛ ወደ አቀስታ ሄደች። እኔ እግሬ እምቢ ብሎኝ እዚህ ቀረሁ።»

«መነጽር አልነበረኝም!» አልኳት።

ብዙዬ ፊቴ ላይ የሚያብለጨልጨውን መነጽር አየችው።

ነሐሴ 16፣ አቀስታ

በበቅሎ፣ በጭቃ፣ በብርድ ደረስሁ። መጠለያው ውስጥ አበቡን አገኘኋት። አሥር ዓመቷ ነው፣ ስድስት አይሞላትም ያሰኛል። እናቷን ከቀበሩ አምስት ቀናቸው።

አምስት ቀን! ያን ዕለት ሻካራውን ይዤ ብመለስ ኖሮ...

ከእታለም ጎን ተኝታ የነበረችው ሴት፣ እታገኘሁ የምትባል፣ ሁሉን ነገረችኝ። ሰዉ «ወንድም ነው እሱ?» ሲል እታለም ትቆጣ ነበር። «አትውቀሱት። የመንግሥት ሰው ነው፣ እሱም ቤት አለው። ይህን ሁሉ ዘመድ እንዴት ይችለዋል? እኔ ይቅር ብየዋለሁ» ትል ነበር።

ረግማኝ ብትሞት ይሻለኝ ነበር። ምኑን ነው ይቅር ያልሽኝ? አላየሁሽም እኮ፣ እታለም! አላየሁሽም!

መስከረም 3 ቀን 1967 ዓ.ም.

ጃንሆይ ትናንት ከዙፋን ወረዱ። ከተማው በሙሉ ራዲዮን ላይ ነው። ካሳ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። እኔ በር ላይ ነበርሁ። የሚመጣውን ሁሉ እየቀረብሁ «እንደምን ዋላችሁ? ከየት ናችሁ? እዚህ ዘመድ አላችሁ?» እላለሁ። አንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ። ይሰለቻቸዋል። ይሰልቻቸው።

አበቡ እኛ ዘንድ ናት። መብላት ጀምራለች፤ ከንግሥቴ ጋር ስትሆን ትስቃለችም። ነገሩን ደጋግሜ ነግሬአታለሁ። መነጽሩን አውልቄ «ይኸው፣ እንዲህ ስሆን አንቺም እዚያ ብትቆሚ አላይሽም» አልኳት። ጨዋ ልጅ ናት፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«እማዬ ይቅር ብላዎታለች» አለች።

አላመነችኝም።

ማታ ከሥራ ስገባ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ስሟን ልጠራ አፌን ስከፍት፣ ቀድማኝ ፊቷን አዞረች።