ካሜራውን ያየው ወታደር

ለንደን፣ መጋቢት 1943 እ.ኤ.አ.

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የፋብሪካው የጥጥ ብናኝ ያመጣብሽ ሳል ጋብ አለልሽ ወይ? ዶሮዎቹስ እንቁላል መጣል ጀመሩ? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እንዳልሽኝ ካልሲም እደርባለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የፊልም ቁርጥራጭ ትጠርጋለች ብለሽ ለጎረቤት እንደምታሚኝ አውቃለሁ። አሁን ግን መጥረጊያውን ትቼ ፊልም መቁረጫው መቀስ ጋ ደርሻለሁ። አንድ ቀን ስሜን ሸራው ላይ ታነቢዋለሽ፤ ያን ጊዜ ሐሜትሽን ትመልሻለሽ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚያ ስለምንሠራው የዘፈን ኮሜዲ ፊልም ነው። የፋብሪካ ሴቶች በምሳ ሰዓት መድረክ ላይ ሲዘፍኑ፣ ወፍራሙ አለቃቸው ከነሾርባው ሲወድቅ፣ ወታደሮች ይስቃሉ። ለሳቁ እውነተኛ ወታደሮች ለአንድ ቀን ተውሰን ነበር። ዊልፍም ወደ ጦር ግንባር ከመሳፈሩ ሳምንት ቀደም ብሎ ከጓዶቹ ጋር መጣ። ይህን ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ፣ ሁሉም ወደ መድረኩ ሲስቅ የእኛው ልጅ ዞሮ ካሜራውን ማየቱን ነው።

በእኛ ሥራ ይህ ኃጢአት ነው። አለቃዬ፣ ፊልም ቆራጩ ሚስተር ፔቲክ፣ ባለፈው ረቡዕ ምስሉን አቁመው፣ ይሄ ጆሮው እንደ ስኒ እጀታ የቆመ ማነው፣ ፎቶ ሊነሳ የመጣ መሰለው እንዴ፣ ቁረጪው አሉኝ። መቀሱን አነሳሁት እንጂ አልቆረጥኩም። የኔ ምሁር፣ መቀስ አያያዝ አላስተማሩሽም ወይ አሉ። ወንድሜ ነው አልኳቸው። የንጉሡ ወንድም ቢሆን ካሜራ ያየ ይወጣል፣ ከፈለገ ይምጣና ደግመን እናንሳው፣ ለመሆኑ አሁን የት ነው አሉኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ከዊልፍ ጋር በአንድ መርከብ የሄደው ክሌም በክራንች ተደግፎ ስቱዲዮው በር ላይ ጠብቆኝ ስለ ዊልፍ የሚያውቀውን ነግሮኝ ነበር። ስለዚህ የምመልሰው ነበረኝ፤ መለስኩላቸው። ሚስተር ፔቲክ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። ከዚያ መቀሱን ከእጄ ወስደው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የፊልሙ አዘጋጅ መጥቶ ይሄ ምን ይሠራል ብሎ ሲቆጣ፣ እኔ ነኝ የተውኩት፣ ይቆያል አሉት። ቆየ። ሦስት ሰከንድ ነው።

እማዬ፣ እዚያ ቦታ ላይ የሚሰማው ዘፈኑ ብቻ ነው። ዊልፍ ግን ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በሽመና መኪናዎቹ ጩኸት መሃል ከባልንጀሮችሽ ጋር የምታወሩበት የከንፈር ንግግር፣ እኔና እሱ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪውን ለማማት ከአንቺ የሰረቅነው፣ በዚያ ነው የሚናገረው፤ ቀስ አድርጎ፣ አፉን ከፈት አድርጎ። ካሜራው አጠገብ ቆሜ ስለነበር እኔን ያናገረኝ መስሎኝ ነበር። ደጋግሜ ሳየው ግን እኔን አልነበረም። ፊልም የት ድረስ እንደሚሄድ ያውቃል። ምን እንዳለ አንብቤዋለሁ። የተላከው ላንቺ ነውና እዚህ አልጽፈውም።

ዓርብ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። ፊልሙ እናንተ ከተማ ሲደርስም ከፊት ወንበር አብረን እንቀመጣለን። እስከዚያ ከጦር ሚኒስቴር ፖስታ ቢመጣ ብቻሽን አትክፈቺው። አክስቴን ኤድናን ጥሪያት፣ ወይም እኔን ጠብቂኝ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ለኔ ያቆይልኝ።

ያለሁልሽ ልጅሽ