መካኒክ ቤት የማይመላለስ ሞተር

እህቴ ሳባ፣ «በሄድሽበት ሁሉ መድኃኔዓለም ይቅደምልሽ» ብላሻለች እማዬ። ወንድምሽ ባስልኤል ነኝ። ደህና ነን፤ ቡናውም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ሞተር ልግዛላችሁ ካልሽ ጀምሮ እማዬ እምቢ ብላ ነበር። አባዬን ሀኪም ቤት ስንወስደው የጎረቤታችን ሞተር ዳገቱ ላይ ጠፍቶ አልነሳ እንዳለን፣ አባዬም እዚያው እንዳረፈ ታውቂያለሽ። ቅዳሜ ግን ራሷ ሚዛን ከተማ፣ መካኒክ ቤት ወሰደችኝ።

«ልጄ፣ አንተ ጋ የማይመላለሰው የትኛው ሞተር ነው?» አለችው መካኒኩን።

«ማዘር፣ በረሃብ ሊገድሉኝ ነው እንዴ!» ብሎ ሳቀና ጭቃ የለበሰ አሮጌ ሞተር አሳያት። «የዚህ ባለቤት ዘይት ለመቀየር ካልሆነ ዝር አይልም።»

«ዳገት ላይ ቢጠፋስ?»

«ባትሪው ቢሞት እንኳ በእግር ይነሳል።»

እማዬ ደጋግማ አስጠፋችው፤ ደጋግማም አስነሳችው። ከዚያ «እንደዚህ ያለ ይሁን» አለች።

ስለዚህ ፎቶውን የላክሽልኝ የሚያብረቀርቀው ይቅር፤ እኔም ልቤ ወዶት ነበር። ሞተሩ ሲመጣ መጀመሪያ እማዬን አባዬ መቃብር አደርሳታለሁ። መንገዱ በዚያው ዳገት ነው። ስንወጣው እደውልልሻለሁ፤ አደራ፣ ስልክሽን አንሺ። አምላክ በሰላም ያገናኘን።