የአንድ ፍራሽ ስፋት ቤት ተብሎ እንዳይቆጠር

ቀን፦ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመጀመሪያ ቤት ገዢዎች የግብር ተመላሽ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

አመልካች፦ አብዱልጀባር ይመር
አድራሻ፦ ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ገባ ብሎ፤ የቤት ቁጥሩ የአከራዬ ነው

ጉዳዩ፦ የልጅ ልጄ ሀጀር፣ እኔ የሰጠኋት የውርስ ድርሻ «ቤት» ተብሎ ተቆጥሮባት ከግብር ተመላሹ የተሰረዘችበት ውሳኔ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጽሕፈት ቤትዎ በታላቅ ክብር የማሳውቀው ዜና አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በምንኖርበት ጊቢ ያለችው ገብስማ ዶሮ የራሷ ቤት ባለቤት ሆናለች። ቤቱ ከሙዝ ሣጥን የተሠራ ሲሆን የቆርቆሮ ክዳን አለው። ዕጣ አልጠበቀችም፤ ቅድሚያ ክፍያ አልተጠየቀችም፤ «ከዚህ በፊት በስምሽ ቤት ነበር ወይ» ያላትም የለም። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ብሏታል። እኔም ቅናቴን ውጬ ብያታለሁ። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

1. እኔ አመልካች የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የወሎ መስመር አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከላምበረት ነበር የምነሣው። ስንቱን ሰው ቤቱ አድርሻለሁ፤ የራሴ ደጅ ግን ኖሮኝ አያውቅም። ዛሬም የምኖረው ከልጅ ልጄ ከሀጀር ጋር በኪራይ ነው። ሀጀር ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። እናቷ በወሊድ ስለሞተች ያሳደግናት እኔና ባለቤቴ ሐሊማ ነን።

2. አባቴ ኮምቦልቻ ላይ ሲሞቱ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ትተው ነበር። አራት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ነበርን፤ በሸሪዓው ደንብ ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ ሆኖ ከአሥራ አንድ እጅ ሁለቱ ለእኔ ደረሰኝ። ወንድሞቼ «እንሽጠው» እያሉ ሲያስቸግሩኝ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝና ድርሻዬን ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ በነበረችው በሀጀር ስም አዛወርኩት። ከሕፃን ጋር ማን ይሟገታል ብዬ። እውነትም ማንም አልተሟገተም፤ ቤቱም አልተሸጠም። ታናሽ እህቴ እስከ ዛሬ ትኖርበታለች። ሀጀር ግን አንድ ቀን እንኳ አድራበት አታውቅም። ድርሻዋ ስንት እንደሚሆን ለማወቅ ራሴን ሜትር አድርጌ መሬቱ ላይ ተኝቼ ለክቼዋለሁ። አንድ ፍራሽ ይዘረጋል፤ የጫማ ማውለቂያ ይተርፋል። እግሬን ዘርጋ ሳደርግ እህቴ «ወንድምዓለም፣ ወደ እኔ ግዛት ገብተሃል» አለችኝ። ጽሕፈት ቤትዎ «ቤት» ያለው ይህንን ነው።

3. ሐሊማ በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ሞተችብኝ። ለለቅሶ ድንኳን ልንተክል ስንል አከራያችን «የተከራዮች መኪና የሚቆምበት ነው፣ ከውጭ ይሁንልኝ» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ጊቢው የእሳቸው ነው። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ወይዘሮ ገንዘቤ፣ የጴንጤ እምነት ተከታይ ናቸው፣ በራቸውን ከፈቱልን። ድንኳኑ በእሳቸው አጥር ሥር ተተከለ፤ ሦስት ቀን መዝሙራቸውን ዘግተው በደጃቸው ቁርዓን ተቀራ። ለቀስተኛው ግን የሚያውቀው የእኛን በር ስለነበር እሱን እያንኳኳ ይመለስ ነበር። ሀጀር መንገዱ መሀል ቆማ «ማዶ ነው፣ ማዶ ነው» ስትል ዋለች። ሐዘን ተቀምጣ ማልቀስ ሲገባት መንገድ ስትጠቁም ዋለች። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል «አባባ፣ እርስዎን ከራሴ ደጅ ነው የምሸኝዎ» አለችኝ። «ቀኑን ንገሪኝና ልዘጋጅ» አልኳት። ሌላ ጊዜ ትስቅልኝ ነበር። ያን ቀን አልሳቀችም።

4. ከዚያ ወዲህ ከአፏ እየነጠቀች አጠራቀመች፤ ዕቁብ ገባች፤ ባንክም ሊያበድራት እሺ አለ። ጎሮ አካባቢ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም አገኘች። ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ከደጁ ድንኳን የሚያስተክል ሜዳ እንዳለው ነው። የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛ ሰው ከደመወዙ የተቆረጠው ግብር የሚመለስበትን ቅጽ ልትሞላ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስትመጣ አብሬያት ነበርኩ። «በስምዎ ቤት ወይም የቤት ድርሻ ተመዝግቦ ያውቃልን?» የሚለው ላይ ስትደርስ በክርኔ ጎሰም አድርጌ «የለም በይ» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝና «አባባ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የሰጡኝ? የሰጡኝን አልሰጡኝም ልበል?» አለች። «አዎ» ብላ ሞላች። በሳምንቱ «ቀደም ሲል የቤት ባለቤት ስለሆኑ ማመልከቻዎ ውድቅ ሆኗል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። መጀመሪያ «ለካ ባለቤት ኖሬያለሁ» ብላ ሳቀች። ቀጥሎ የሆነውን አልጽፍም።

5. ተመላሹ ራሱ ጥሩ ነገር ነው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ (አልጠየቁኝም፤ ሽማግሌ ግን ሳይጠየቅ ይመልሳል) ጥሩ አይመስለኝም። ነገሩ በሬዲዮ በተነገረ በሳምንቱ ስቱዲዮውን የሚያሻሽጠው ደላላ ፍትዊ ደወለልኝ። «አባቴ፣ ባለቤቱ ጨምሯል።» «ምን ተገኘና? ክፍል ጨመረበት?» «መንግሥት ለገዢው ሰጠ አይደል? ገዢ ሲያገኝ ሻጭም ይቀምሳል እንጂ።» እውነቱን ስለነገረኝ አልሰደብኩትም። እኔ የማውቀው አውቶቡስ ነው። ለዓረፋ አገሩ ሁሉ ወሎ ልሂድ ሲል፣ አንድ አውቶቡስ ሳይጨመር ለተሳፋሪው ሁሉ የትኬት መደጎሚያ ቢታደል ወንበሩ ያው ነው፤ ትኬት አትራፊው ብቻ ይወፍራል። ደግሞስ ተመላሹ ከተከፈለ ግብር ላይ ስለሆነ ብዙ ደመወዝ ያለው ብዙ ይወስዳል፤ ሀጀርን የመሰለች ጥቂት ታገኛለች፤ ከእሷ በታች ማሽን ላይ የተቀመጡት፣ በአንዲት ክፍል አራት ሆነው የሚያድሩት ልጆች ምንም። ይሁንና ዋጋው በተመላሹ ልክ ከወጣ በኋላ ተመላሹን የተከለከለ ሰው ዝናቡ ሳያጠጣው ጎርፉ ወሰደው ማለት ነው። ሀጀር ይህች ናት። ዋጋውን ከሁሉ ጋር ጨምራ ትከፍላለች፤ ቅናሹን ግን አታይም። ያጠራቀመችው የሚጎድለው በዚያችው በተከለከለችው ተመላሽ ልክ ነው። ሻጩም ከወሩ መጨረሻ አልፎ አይጠብቃትም።

6. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው፦ ሰው ሊኖርበት የማይችል የውርስ ድርሻ ቤት ተብሎ እንዳይቆጠርና የሀጀር ማመልከቻ ከወሩ መጨረሻ በፊት እንዲታይ ነው። ድርሻው የግድ የአንድ ሰው ቤት መሆን አለበት ከተባለ፣ ጥፋቱ የእኔ ነውና በእኔ ላይ ይቆጠር። እኔ ከእንግዲህ የምገባበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ግብር የለበትም። ለከርሞ ደግሞ ተመላሹን ከማደል ቤቱን ብትሠሩበት ሽማግሌው ብሎ ነበር ይባልልኛል።

ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ከዶሮዋ በቀር። ሀጀር ይህን ስትተይብልኝ እዚህ ስትደርስ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሣችና «አባባ፣ ዶሮ የት አለን?» አለችኝ። መዋሸቴን ሳላምን አላትምም ብላለች። ዶሮ የለንም፤ አከራያችን ዶሮ አይፈቅዱም።

ከአክብሮትና ከተከራይ ሰላምታ ጋር

አብዱልጀባር ይመር
(ፊርማ)