ስልክ ቤቱ ደረጃ የለውም

ድሬዳዋ፣ 1981 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ተማም፣

አንቱ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ለሞተ ሰው ክብር ይገባዋል ብዬ። ግን ባለህበትም ሆነህ ትቆጣኛለህ። «አቦ ሰርካዲስ፣ ተይን! ድሬ ላይ አንቱ የምንለው ጉምሩክን ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ እንደለመድነው አንተ እልሃለሁ።

ፊትህን ሳላይ ነው ድምፅህን ያወቅኩት። አርብ አርብ መጋላ ካለው የጨርቅ ሱቅህ ጅጅጋ ወዳለችው ልጅህ ወደ ቱሪያ ስትደውል ከስልክ ቤቱ ሰሌዳ የማገናኝህ እኔ ነበርኩ። ሌላው ሰው «ጅጅጋ ስጪኝ» ይላል፣ በቃ። አንተ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እናቴን፣ ቀጥሎ የባቡር ጡረተኛ አባቴን ጉልበት ጠይቀህ ነው ቁጥሩን የምትነግረኝ። ሰሌዳው ላይ ስንቱ ሰው እየጠራኝ አንተ ገና አባቴ ጉልበት ላይ ነህ።

የሸንጎ አባል ሆነህ ስትመረጥ ሳቅኩ። እጅ ለማውጣት በተሰበሰበ ሸንጎ ውስጥ ይህ ሰላምታ አብዢ ምን ሊሠራ ነው አልኩ። አንተ ግን ተነስተህ ጠየቅክ። «ስልክ ቤቱ ደንብ አለው፤ ከኦፕሬተር በቀር ማንም መስመር አይነካም ይላል። ደንቡ መከበሩን የሚያየው ማነው? የሕዝብ ተመራጭ ካላየው ማን ሊያየው ነው?» መልስ ሲጠፋ ኮሚቴ ይቋቋማልና አንተን ጨምሮ ሦስት ሰው ላኩብን።

ሥራ አስኪያጃችን በር ላይ ተቀበላችሁ። «መሥሪያ ቤታችን ነጻ ነው፤ ሸንጎም ቢሆን ጣልቃ አይገባበትም» አለ። ከሸንጎው ነጻ ነበርን፤ ከጓዳው ግን አልነበርንም። በኮምፔርሳቶ በተከለለችው ጓዳ ውስጥ ዘገዬ የሚባል የደኅንነት ሰው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ይውላል። የማን ትዳር እንደፈረሰ፣ የማን ልጅ ወደ ጅቡቲ እንደተሻገረ ያውቃል። በሱ ጆሮ የተነሳ ወጥተው የቀሩ ደንበኞች ነበሩኝ፤ ቤታቸው ስደውል የሚያነሳ የለም። ሥራ አስኪያጁ ግን ጓዳዋን «ዕቃ ቤት ናት፣ ቁልፏ ጠፍቷል» አላችሁ።

አንተም «እሺ፣ እንግዲያው መስመሩን እንሞክረው» ብለህ አጠገቤ ካለው ከሱ ጠረጴዛ ወደ ሸንጎው ጽሕፈት ቤት ደወልክ። አገናኘሁህ። ከጸሐፊዋ ጋር ገና ሰላምታ ላይ ሳላችሁ መስመሩ ላይ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። ሌላ ቢሆን ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። አንተ ግን የታመመ ሰው ሳትመርቅ ማለፍ መቼ ትችልና! «ወንድሜ፣ አላህ አፊያ ያርግህ» አልክ።

«አሜን» አለ ዘገዬ።

ምርቃት ሰምቶ አሜን የማይል አፍ የለንም፤ ሳያስበው አመለጠው። በስልኩም መጣ፣ በግድግዳውም መጣ። ሁለቱ የኮሚቴ ጓዶችህ ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አንተማ እንባህ እስኪመጣ። «ወላሂ፣ የዚህ ቤት ዕቃ ዱዓ ይቀበላል!» አልክ።

ዘገዬ የጓዳውን በር በርግዶ ወጣ፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። የጨበጥከውን የስልክ እጀታ ነጥቆ አፍህን መታህ። ጥርስህ ጠረጴዛው ላይ ሲረግፍ አየሁ። ደገመህ። ሰለሰህ። ሌላ ቦታ አልመታህም፣ የሳቀበትን አፍ ብቻ። ስትወድቅ በከስክስ ጫማው ጎንህን ይረግጥ ጀመር። አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ ማገዶ ይጮኻል ጋሽ ተማም፤ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከአንገቱ የተንጠለጠለውን ገመድ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት፤ እስኪያጓራ አነቅኩት። ልገድለው ነበር፣ አልዋሽህም። ፈንቅሎ ጥሎኝ ወደ ጓዳው ሲመለስ እጄ መቃኑ ላይ እንዳለ በሩን ዘጋብኝ። ሁለት ጣቶቼ ዛሬም አይታጠፉም። ጓዶችህ? አንዱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ሌላው መነጽሩን ይወለውላል።

በፔጆ ታክሲ ወደ ሆስፒታል ስወስድህ ራስህ ጭኔ ላይ ነበር። የደቻቱን ወንዝ ሳንሻገር ትንፋሽህ ቆመ። ኑዛዜም አልተናዘዝክም፤ የምትናዘዝበት አፍ አልተዉልህም።

ሸንጎው ሲሰበሰብ ምስክር ነኝ ብዬ አመልክቼ አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ። ማንም አልጠራኝም። ሪፖርቱ ሲነበብ ግን ሰማሁ። «የስልክ ቤቱ አሠራር ደንቡን የተከተለ ሆኖ አግኝተነዋል። ጓድ ተማም በጉብኝቱ ወቅት ከደረጃ ላይ ወድቀው ሕይወታቸው አልፏል።» አጨብጭበው አጸደቁት። ስልክ ቤቱ ምድር ላይ የተነጠፈ አንድ ቤት መሆኑን፣ ለምልክት እንኳ ደረጃ እንደሌለው ከመሃላቸው የማያውቅ ማን አለ?

ትናንት ቱሪያ ከጅጅጋ ደወለች። መንገድ ተዘግቶባት ለቀብርህ እንኳ አልደረሰችም።

«ሰርኬ፣ ባባ ከደረጃ ወደቀ ይሉኛል። አንቺ እዚያ ነበርሽ። በምታምኚው ይሁንብሽ፣ እንዴት ሞተ?»

ልመልስላት ስል ድምፅዋ ሳሳ። ሦስተኛ ሰው ሲገባ ድምፅ ይሳሳል፤ ኦፕሬተር ሁሉ ያውቀዋል። ዘገዬ ከግድግዳው ወዲያ ማዳመጡን ጀምሯል። የሰማውን ይጽፋል፤ የጻፈውም አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፤ ማንም አጨብጭቦ አይለውጠውም።

መስመሩ ተበላሸ ብዬ ልነቅለው እችል ነበር። አልነቀልኩትም። በምን እንደመታህ፣ የት የት እንደረገጠህ፣ ማን ቆሞ እንዳየ፣ የገዳይህን ስም ከነአባቱ ነገርኳት። ቱሪያ ትንሰቀሰቃለች። እኔ አላለቀስኩም። እየጻፈ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ቀስ ብዬ፣ አንዳንዱንም እየደገምኩ ነበር የምናገረው።

አፈሩ ይቅለልህ ጋሽ ተማም። ጫማዬን አድርጌ ነው የምጽፍልህ፤ በሩ ሲንኳኳ አላስጠብቃቸውም።

አርብ አርብ የምታገናኝህ፣
ሰርካዲስ