ሳትከሰስ ነፃ ስለወጣችው ልጄ

ለተከበሩ አቶ ደምለው
የቀበሌያችን የነዋሪዎች መዝገብ ኃላፊ
ቢቸና

ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ የማኅተምዎም ቀለም እንዳይደርቅ ከልብ እመኛለሁ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በሞጣና በቢቸና ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ሰሎሜ ናይሮቢ ተቀምጣ ለተለያዩ የውጭ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዜና ትልካለች፤ የአንዳቸውም ተቀጣሪ አይደለችም። የሥራ ፈቃዷ የሚታደሰው እስከ ሰኔ ሠላሳ ከቀበሌዋ የነዋሪነት ማስረጃ ካቀረበች ነው፤ አለዚያ ጓዟን ጠቅልላ ትመለሳለች። ይህን ማስረጃ ፍለጋ ወደ እርስዎ መጥቼ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በቅጹ ላይ «የሥራ ዓይነት» የሚለውን ስሞላ፣ ለ«ፍሪላንስ» የሚሆን አማርኛ ፍለጋ ሁለት ቀን መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ቆይቼ «ነፃ ጋዜጠኛ» ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ ግን ከክስ ነፃ የወጣች መሆኗን ተረድተው የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ እንዳመጣ በትሕትና አዘዙኝ።

፪. ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ይርጋነሽ ሦስት መደርደሪያ እየሳቁ ፈትሸው፣ ሰሎሜ ተከስሳ እንደማታውቅ ጽፈው ሰጡኝ። እርስዎም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «ታዲያ መምህር፣ ሳትከሰስ እንዴት ነፃ ወጣች?» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈተና ጥያቄ ሳወጣ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አውጥቼ አላውቅም።

፫. ቃሉን ልሰርዘው ብል ስርዝ ድልዝ ክልክል ነው ተባልኩ። አዲስ ቅጽ የሚሰጠው የፊተኛው ሲዘጋ ነው፤ የፊተኛው የሚዘጋው ደግሞ በውሳኔው ግልባጭ ነው። ተማሪዬ ቢሆኑ ኖሮ ለዚህ ሙሉ ማርክ እሰጥዎ ነበር።

፬. የተወለደችው ሞጣ ስለሆነ ምናልባት እዚያ ተከስሳ ይሆናል ብለው አጽናኑኝ። አቧራ ለብሼ ሄጄ፣ እዚያም እንዳልተከሰሰች አረጋግጬ ተመለስኩ። ስላሳዘንኩዎ ይቅርታ።

አሁን የቀረን አሥራ አንድ ቀን ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ባንቺዓለም ስለ አንዲት ዶሮ ሰሎሜን እንዲከሷትና በክሱ እንዲሸነፉ እያግባባኋቸው ነው፤ ልጅቷን ስለሚወዷት እስካሁን አሻፈረኝ ብለዋል። እርስዎ ቢያነጋግሩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ትእዛዝዎን ሁሉ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ የሚፈጽም፣
መምህር አካለ ወልድ ስጦታው
ቢቸና፣ ሰኔ ፲፱ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ ትናንት ሰሎሜ ስትደውል ነገሩን በዝርዝር ነገርኳት። ስቃ ሳትጨርስ ዘገባ ልትሠራበት ወሰነችና ስምዎን ከነማዕረግዎ ፊደል በፊደል ጠየቀችኝ፤ ሳልሳሳት ነገርኳት። ቅዳሜ ማታ ይተላለፋል። ፈቃዷ ካልታደሰ ከናይሮቢ የምትልከው የመጨረሻ ዜና እርስዎ ነዎት። ሬዲዮ ከሌለዎት የእኔን አውስዎታለሁ፤ አዲስ ባትሪ አስገብቼበታለሁ።