የፕሮቶን ክብደት የት ገባ?

ወንድሜ ሸጋው፣

ልጅህ ሶስና ካልሄድኩ የምትልበትን የጄኔቫ ምርምር ቦታ እንደ አደራህ አጣራሁት። የሚያስጠረጥር ነው። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ከመሬት በታች ፕሮቶን ከፕሮቶን ያጋጫሉ። አስጎብኟችን "በፕሮቶን ውስጥ ኳርክ የሚባሉ ሦስት ቅንጣቶች አሉ፤ ክብደታቸው ቢደመር ግን ከፕሮቶኑ መቶ እጅ አንዱ ቢሆን ነው" አለችን።

"የቀረውስ?" ብላት፣ "ኳርኮቹ ውስጥ ለውስጥ ሲራወጡ ያለው ጉልበት ነው" አለች።

እመቤቴ፣ የዝቋላ ፍየል ስትሮጥ ትከብዳለች? እኛ ዘንድ ይህን ያህል ቢጠፋ አውጫጭኝ ተጠርቶ፣ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ከዛፉ ሥር አይነሣም አልኳት።

"እኛም ስንት ዓመት ተቀምጠናል፤ ያጠረን እንደ እርስዎ አላምንም የሚል ሰው ነው" አለች።

እንግዲህ ልጅቱን መርቀህ ላካት፤ ከአንተ ቤት የወጣች በቀላሉ አታምንላቸውም። ካርዱ ሞላብኝ፤ ለተሥላሴንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ምስጋናው